የሚረግፈውን ዱባ በመጀመሪያ ሰንጥቀው ይዩት

ከመርሳ የጻፉልን እህታችን ያቀረቡት ጥያቄ ሁለት ነገር ይዟል፤ አንደኛው የዱባው ቅጠል ወንፊት እየመሰለ መምጣቱ፣ ሁለተኛው ደግሞ የያዘው ለጋ ፍሬ ቢጫ እየሆነ መርገፉ ነው። ጎረቤት ለሽንኩርት የሚረጨውን መድኃኒት እንዲረጩ እንደመከራቸው፣ እርሳቸው ግን ልጆች የሚውሉበት ጓሮ በመሆኑ እንደፈሩ ገልጸዋል። እኔ በሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለው ጓሮዬ በየክረምቱ ዱባ እተክላለሁ፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ ኬሚካል አልረጨሁም። የምመልስልዎትም ከዚያው ጓሮ ካየሁት ተነሥቼ ነው።

ከፍሬው መርገፍ ልጀምር፤ መድኃኒቱ ይበልጥ የሚያባብሰው እርሱን ነውና። ዱባ በአንድ ሐረግ ላይ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዴው በረዥም ቀጭን ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ግን ገና ሳትፈካ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የምትመስል እብጠት ይዛ ትወጣለች። ሁለቱም ማለዳ ፈክተው ከቀትር በፊት ይከደናሉ፤ በእነዚያ ጥቂት ሰዓታት ውስጥ ንብ የወንዴውን ብናኝ ወደ ሴቴዋ ካላደረሰች፣ ያቺ እብጠት በጥቂት ቀናት ውስጥ ቢጫ ሆና፣ ተጨማድዳ ትወድቃለች። በ2009 ዓ.ም. ክረምት ጥንዚዛ አስመርሮኝ አበባ በያዘ ዱባ ላይ ፀረ ተባይ ረጭቼ ነበር። ጥንዚዛው ሞተ፤ ንቦቹም አብረው ጠፉ። ጓሮው በአበባ ተሸፍኖ ሳለ ከስምንት ሐረግ ያነሣሁት ሦስት ዱባ ብቻ ነበር፤ ያን ዓመት ያጣሁትን ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

የመርገፍ ሌላው ምክንያት የፍራፍሬ ዝንብ ነው። ዝንቧ የለጋውን ፍሬ ቆዳ ወግታ እንቁላሏን ከውስጥ ታኖራለች፤ ትሎቹም ፍሬውን ከውስጥ ያበሰብሱታል። ስለዚህ ከወደቁት ሁለት ሦስቱን በቢላዋ ሰንጥቀው ይመልከቱ። ውስጡ ነጭና ደረቅ ከሆነ ችግሩ ብናኝ አለማግኘት ነው፤ ውሃ ካዘለና ነጫጭ ትል ከተገኘበት ግን ጠላትዎ ዝንቧ ናት።

ብናኝ ከጎደለ በእጅ ማዳረስ ይቻላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ አዲስ የፈካ ወንዴ አበባ ቀጥፈው ቅጠሎቹን ይግፈፉና፣ መካከል ላይ ያለውን ቢጫ ብናኝ በሴቴዋ አበባ እምብርት ላይ ቀስ አድርገው ያዳርሱት። ዝንብ ከሆነ ግን የወደቀውንም፣ በሐረጉ ላይ እያለ የተወጋውንም በየቀኑ ለቅመው በፌስታል አጥብቀው ይሰሩና ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ወይም ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍረው ይቅበሩት። ፍግ ጉድጓድ ውስጥ አይጣሉት፤ ትሉ አፈር ውስጥ ገብቶ ዝንብ ሆኖ ይመለሳል። አበባዋ እንደጠወለገች ለጋውን ፍሬ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ላላ አድርጎ መጠቅለል እጅግ ይጠቅማል፤ እኔም ዛሬ በዋናነት የምተማመነው በዚሁ ነው።

ቅጠሉን ወንፊት የሚያደርገው በአካባቢያችን ዘወትር የማየው ብርቱካንማ መልክ ያለው፣ ጥቁር ነጠብጣብ የበዛበት ጥንዚዛ ነው። ከመግደልዎ በፊት ግን አስተውለው ይዩት፤ ምክንያቱም ክሽክሽ (የቅጠል ጭማቂ የሚመጥ ደቃቅ ተባይ) እየበላ የሚጠቅመን ሌላ ጥንዚዛ በጣም ይመስለዋል። ጠቃሚው ጀርባው እንደተወለወለ ዕቃ ያብረቀርቃል፤ ቅጠል በሊታው ግን በደቃቅ ጸጉር ስለተሸፈነ ደብዛዛ ነው፤ ልጆቹም እሾሃም መሳይ ቢጫ ትሎች ናቸው። እንቁላሉን ከቅጠሉ ጀርባ ቢጫ ሆኖ፣ ቀጥ ቀጥ ብሎ ተጠጋግቶ ቆሞ ያገኙታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅጠሉን እየገለበጡ በጣት መጨፍለቅ በቂ ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ካዩት ሊቀድምዎት ይችላል። ጥንዚዛውን ደግሞ ብርዱ ሳይለቀው በማለዳ ይያዙት፤ ሲነኩት ራሱን ስለሚጥል ከሥሩ የሳሙና ውሃ ያለበት ጣሳ ይደግኑ።

አመድን በተመለከተ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ያመሰግነዋል። ቀዝቅዞ የተነፋ አመድ ጤዛ ባለበት ሰዓት በለጋ ችግኝ ላይ ሲነሰነስ ይረዳል፤ ነገር ግን የሐምሌ ዝናብ በአንድ ጊዜ አጥቦ ይወስደዋል፤ አበባ ላይም ፈጽሞ መነስነስ የለበትም። ክሽክሽ ከታየ በመጀመሪያ በንጹሕ ውሃ በኃይል ያጥቡት፤ ካልበቃ በ1 ሊትር ውሃ አንድ የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጠው፣ በአንድ ቅጠል ላይ ሞክረው አለመቃጠሉን ካዩ በኋላ ምሽት ላይ ከቅጠሉ ጀርባ ይርጩት። ችግኙን ከሥሩ የሚቆርጥ ትል ካለ ከሃይላንድ ፕላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት አፈር ውስጥ ጥቂት አስገብተው ይክበቡት።

በሚቀጥለው ዓመት ዱባውን እዚያው ቦታ አይትከሉት። ምርቱ ከተነሣ በኋላ ዶሮዎችን ወደ መደቡ ይልቀቋቸው፤ አፈሩን ጭረው የተደበቀውን ይለቅሙታል። ጃርት ካለ ግን ከእሾህ አጥር በቀር ያገኘሁለት መፍትሔ የለም።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ከወደቁት ሰንጥቀው ያዩትን እዚሁ ይጻፉልን፤ ትል ከተገኘበት ፍሬውን እንዴት እንደምጠቀልለው ፎቶ አንሥቼ እልክልዎታለሁ።