«ባለሙያ ነሽ ይሉኛል» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ባለቤትሽ በጀልባ ሰው ወደ ዘጌ ያመላልሳል። ቢልሃርዝያ ይዞብኝ ይገባል ብለሽ ትፈሪያለሽ። ማታ ሲመጣ ልብሱን በር ላይ ታስወልቂዋለሽ፣ የነካውን ሁሉ በበረኪና ትወለውያለሽ፣ እጅሽ እስኪሰነጣጠቅ ትታጠቢያለሽ። ልትተኚ ስትይ ደግሞ ቡታጋዙን እየተነሣሽ ታያለሽ። ጎረቤት «ባለሙያ ናት» ይልሻል፣ አንቺ ግን ደክሞሻል። «ይሄ ጠባዬ ነው ወይስ ኦሲዲ የሚሉት ነው? ለባለቤቴስ ልንገረው?» ብለሻል። ኦሲዲ የማይፈልጉት ሐሳብ እየተመላለሰ የሚያስጨንቅበት፣ ጭንቀቱን ለማስታገስም አንድን ነገር ደጋግሞ የሚያስደርግ የአእምሮ ሕመም ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ኦሲዲ አለብህ ተብዬ የታከምኩ አንድ የባሕር ዳር ሰው ነኝ፤ ሽምብጥ ነው የምኖረው። ስለዚህ «አለብሽ» ወይም «የለብሽም» አልልሽም። ባለሙያ ስላልሆንኩ ብቻ ግን አይደለም። ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ፣ ፍርሃትሽ ከሜዳ የተነሣ አይደለም። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ የሰው ቆዳ ሲያገኝ ሰርስሮ ይገባል። ዳር ዳሩን አለመዋኘት፣ ውሃው ውስጥ ቆሞ ልብስ አለማጠብ ጥንቃቄ ነው። ከሰው ወደ ሰው በመጨባበጥ ግን አይተላለፍም። በደረቀ ሱሪም ቤት አይገባም።

አሁን ይህን ስታነቢ ምን ተሰማሽ? «አሃ፣ እንዲያ ከሆነ» ብለሽ ቀለል ካለሽ ጥሩ። «እሺ፣ ሱሪው በደንብ ባይደርቅስ?» የሚል ከመጣብሽ እዚያች ላይ ቆም በይ። ጥንቃቄ መልስ ሲያገኝ ያርፋል። የኦሲዲ ጥርጣሬ መልስ ሲሰጡት ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። ለእኔ ትልቁ መለያ ይሄ ነው።

የምታደርጊው ነገር ብቻውን ብዙ አይናገርም። ቡታጋዝ ሊያይ የማይነሣ ማን አለ? አንዱ አይቶ ይተኛል። ሌላው በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይነካል፣ ተመልሶ ይጋደማል፣ ከዚያ «ስነካው ከፍቼው ቢሆንስ?» ይላል። እኔ ሁለተኛው ነበርኩ። የእኔው የከሰል ምድጃ ነበር። የከሰል ጭስ ደግሞ ቀልድ አይደለም፣ ዘግተው ከተኙበት ይገድላል። ኦሲዲ ብዙ ጊዜ እንዲህ እውነት ያለበትን ነገር ይይዝና አላስቀምጥ አላስተኛ ይልሻል።

ሐኪሞች የሚጠይቁት ሌላው ነገር ጊዜና ጉዳት ነው። ሐሳቡና ድግግሞሹ ተደምረው በቀን ከ1 ሰዓት በላይ ይወስዱብሻል? ወይም ከባድ ጭንቀት ውስጥ ይከቱሻል? ሥራ፣ ትዳር፣ ማኅበራዊ ኑሮ ያስተጓጉሉብሻል? ለቅሶ ቤት እንኳ ሰው ልጨብጥ ነው ብለሽ ከቀረሽ ቁም ነገር ነው። «ባለሙያ» የሚሉሽ ሰዎች የሚያዩት የተወለወለውን ወለል ነው። እጅሽን አላዩትም።

ያልጻፍሽው ነገር ካለ ደግሞ ይቺን ልብ ብለሽ አንብቢ። ብዙ ሰው ኦሲዲ ማለት ንጽሕና ብቻ ይመስለዋል። እኔን ከከሰሉ ይልቅ ያሰቃየኝ ለማንም ያልነገርኩት ነገር ነው። ልጃችን ሲወለድ ሕፃኑን ይዤ «ብወረውረውስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ ይልብኝ ጀመር። ሽንኩርት ስከትፍ እሱ አጠገቤ ካለ ቢላውን ጥዬ እወጣ ነበር። ከቤት ሰው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። መንፈስ ነው ብዬ ጸበል ሄድኩ፣ አውሬ ሆኛለሁ ብዬ ብቻዬን አለቀስኩ።

ሐኪሙ ምንም አልደነገጠም! ራክማንና ደ ሲልቫ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ጤነኛ ከሚባሉትም ሰዎች አብዛኞቹ እንዲህ ያለ ዘግናኝ ሐሳብ ድንገት ብልጭ እንደሚልባቸው አሳይተዋል። ልዩነቱ፣ ሌላው ሰው «ምን ዓይነት ሐሳብ ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ ኦሲዲ ያለበት ደግሞ ሐሳቡን እንደ ወንጀል ይቆጥርና ራሱን ሲመረምር ይውላል። ሐሳቡ የሚያስጨንቀው የማይፈልገው ስለሆነ ነው። አንድ ሰው ግን ድምፅ ሰምቶ «አድርግ ተብያለሁ» ካለ፣ ወይም ሐሳቡ ትክክል መስሎ ከታየው፣ ያ ሌላ ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ማየት አለበት። ራስን የማጥፋት ሐሳብም እንደዚያው።

ኦሲዲ በእምነት በኩልም ይገባል። ከመቁረቡ በፊት 18 ሰዓት የጾመ ሰው «ስታጠብ ውሃ በአፌ ገብቶ ይሆን?» ብሎ ሳይቆርብ ይመለሳል። ያንኑ ኃጢአት ደጋግሞ የሚናዘዝ አለ። ሙስሊም ጓደኛዬ ውዱኡን እየደጋገመ ሶላት ያልፍበት ነበር፣ እነሱ ወስዋስ ይሉታል። ጎበዝ የንስሐ አባት ቶሎ ይገባዋል። የእኔው «ተናዘሃል፣ በቃ፣ ሁለተኛ አታምጣብኝ» ነበር ያሉኝ። ያኔ ጨካኝ መስለውኝ ነበር።

አሁን «አለብሽ ወይም የለብሽም» ያላልኩበት ምክንያት። እኔ ባለቤቴን ማታ ማታ «ከሰሉ ጠፍቷል?» እላት ነበር። «ጠፍቷል» ትለኝ ነበር። «ማርያምን በይ?» «ማርያምን!» ትንሽ ቀለል ይለኝ ነበር፣ ከዚያ እንደገና። ማረጋገጫ እከክን እንደማከክ ነው፤ ሲያኩት ደስ ይላል፣ ቁስሉ ግን ይሰፋል። እኔም «አይዞሽ፣ ምንም የለብሽም» ብልሽ ማታ ሌላ ጥያቄ ይዘሽ ትመጫለሽ። አንድ ጊዜ የሚያይሽን ሰው ፈልጊ።

ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ስትሄጂ «ትንሽ ይጨንቀኛል» ብለሽ እንዳትመለሺ፣ ብዙዎቻችን እንዲያ ነው የምንለው። ምን እንደምትፈሪ፣ ምን እንደምታደርጊ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድብሽ በወረቀት ጽፈሽ ሂጂ። የሚያሳፍርሽንም ጨምሪ።

ሕክምናው ሁለት ዓይነት ነው፣ አብረውም ይሰጣሉ። አንዱ የንግግር ሕክምና ነው፤ የምትፈሪውን ነገር ከቀላሉ ጀምረሽ ትጋፈጪያለሽ፣ ከዚያ መታጠቡን ወይም ማየቱን ትተዪዋለሽ። ጭንቀቱ መጀመሪያ ይጨምራል፣ ዝም ካልሽው ይወርዳል። እውነት ለመናገር ይከብዳል። እኔን ግን ከሁሉ የጠቀመኝ እሱ ነው። ሌላው እንደ ፍሉኦክሴቲን ያለ መድኃኒት ነው። ለኦሲዲ ቶሎ አይሠራም፤ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ሊወስድ ይችላል፣ መጠኑም ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ከፍ ይላል። «አልሠራልኝም» ብሎ በሦስተኛው ሳምንት መጣል ወይም በራስ ውሳኔ በአንዴ ማቆም ጥሩ አይደለም። ጸበልሽን ተጠመቂ፣ መድኃኒቱንም ዋጪ። ሁለቱን የሚያጣላ ሰው ካጋጠመሽ አልፈሽው ሂጂ።

ለባለቤትሽስ? ንገሪው እንጂ። በር ላይ ልብስ የሚያወልቅ ሰው አንድ ነገር እንዳለ ቀድሞ ገብቶታል። ጀልባ በማይወጣበት ቀን አብሮሽ ሐኪሙ ጋ ይግባ፤ እሱም የሚማረው አለ። እስከዚያ ግን «ዛሬውኑ ሁሉንም ተዪ» ብሎ እንዳይጋጭሽ። በር ላይ ማውለቁ የሚቀረው ከሐኪሙ ጋር ተስማምታችሁ በየተራ ነው፣ መጀመሪያ ጫማው፣ ቀጥሎ ጃኬቱ እያለ። የእኔዋ አሁን «ከሰሉ ጠፍቷል?» ስላት «ይሄ የኦሲዲው ጥያቄ ነው» ብላ ዞር ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን አኩርፌያት ነበር። ባለቤትሽን ስታኮርፊው እንዳይደነግጥ ይቺንም አስነብቢው።