የሠለጠነ ባለሙያ ከጤና ጣቢያ ለምን ይጠፋል?

«በወረዳችን ጤና ጣቢያ የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና የወሰዱ ሁለት ባለሙያዎች ነበሩ፤ ዛሬ አንዳቸውም የሉም። ሌሎች እንዲሠለጥኑ ብንጠይቅ ችግሩ ይፈታል?» ብለው ለጠየቁት ወንድማችን፣ በአእምሮ ሕክምና ነርስነት በአንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ስድስት ዓመት ስሠራ ካየሁት ተነሥቼ ልመልስ።

የስፔሻሊስት እጥረቱ ሥር የሰደደ ነው። የሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ስፔሻሊቲ ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሐኪሙ ለዚሁ ትምህርት ወደ ውጭ አገር መሄድ ነበረበት፤ ሕመምተኛውም ከየክፍለ ሀገሩ ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ይጓዝ ነበር። ስለዚህ ነርሶችንና ጤና መኮንኖችን አሠልጥኖ ሕክምናውን ወደ ጤና ጣቢያ ማውረድ ተገቢ መሆኑን አምናለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከሥልጠናው በኋላ ነው። አብሮኝ የሠለጠነው ጤና መኮንን በአራተኛው ወር ወደ ድንገተኛ ክፍል ተዛወረ፤ እኔ የወሊድ ፈቃድ ስወጣ ደግሞ ክፍሉ ተቆለፈ። ፍሉፌናዚን የተባለውን፣ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጥ መርፌ በየወሩ የሚወስዱ ሕመምተኞች ነበሩን። መድኃኒቱ በመጋዘን ነበር፣ መርፌ መውጋት የሚችሉ ነርሶችም ነበሩ፤ ሆኖም ሥራው የእኔ ብቻ ተደርጎ ይታይ ስለነበር ካርዳቸውን ያወጣላቸው ሰው አልነበረም። ስመለስ አንዲት እናት፣ መርፌውን እየወሰደ በሬ ጠምዶ ያርስ የነበረ ልጃቸውን እጁን በገመድ አስረው አመጡት። ያ ቀን ዛሬም ያንገበግበኛል።

ደመወዙ እንደማያቆይ ሁላችንም እናውቃለን። እኔን ግን ከደመወዙ ይልቅ የጎዳኝ ብቸኝነቱ ነው፤ መድኃኒት ያልሠራለት ሕመምተኛ ሲገጥመኝ የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም፣ ባልደረቦቼም «የእብዶች ነርስ» ይሉኝ ነበር። ከዞኑ ሆስፒታል አንድ የሳይካትሪ ባለሙያ በየወሩ እየመጡ አስቸጋሪ ሕመምተኞችን አብረውኝ ማየት ከጀመሩ በኋላ ነው የዝውውር ማመልከቻዬን የተውኩት።

እንግዲህ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ሲያመለክቱ፣ ከሥልጠናው ጥያቄ ጋር፣ የሠለጠኑት ቢያንስ ለሁለት ዓመት ከክፍሉ እንዳይነሡ፣ የተመላላሽ ክፍል ነርሶች በሙሉ መዝገቡን መከታተልና መርፌውን መስጠት እንዲለምዱ፣ ከሆስፒታሉም ቋሚ የድጋፍ ጉብኝት እንዲኖር ይጠይቁ። መልሱ እስኪመጣ ግን ክትትል ያቋረጡት ሰዎች ስም ዛሬውኑ ከመዝገቡ ወጥቶ በየቀበሌው ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይሰጥ፤ መርፌ ላይ የነበሩት ይቅደሙ።