በሬውን አይሽጡ፣ ውሃውን ያጠራቅሙ

ከመቂ አካባቢ አንድ ሽንኩርት አምራች እንዲህ ብለው ጽፈውልኛል፦ «ሩብ ሄክታር ሽንኩርት አለኝ። የሶላር ፓምፑን ከባትሪ ጋር አገናኝቼ ማታ ማታ አጠጣለሁ። አምና እስኪነጋ ይስብ ነበር። ዘንድሮ ሁለት ሰዓት ሳይሞላው ቀጥ ይላል፤ የልጆቹ መብራትም ይደክማል። የነፋስ ማመንጫና ሌላ ባትሪ ጨምርበት አሉኝ። በሬ ልሽጥ?»

አይሽጡ።

የባትሪውን ዓይነት አልነገሩኝም። ግን በአንድ ዓመት እንዲህ ከደከመ የመኪና ባትሪ ነው ብዬ እገምታለሁ። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሳት ነው፤ ለጥቂት ሰከንድ ብዙ ጉልበት ሰጥቶ ወዲያው ይሞላል። ሌሊቱን ሙሉ ተመጥጦ ባዶ ሲቀር ውስጡ ይሞታል። ይህን በየቀበሌው አያለሁ፤ ያሳዝነኛል። ሰው «ሶላሩ ከዳኝ» ይላል፣ ፓኔሉ ግን ደህና ነው። እባካችሁ፣ የመኪና ባትሪ ለፓምፕ አትግዙ።

ነፋሱስ? የአዳማዎቹን ትላልቅ የነፋስ ማመንጫዎች አይተው ይሆናል፤ አዳማ 2 የሚባለው ጣቢያ ብቻውን 153 ሜጋ ዋት ነው። እነሱ ግን ገላጣ ቦታ ላይ፣ ከ60 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው የሚሽከረከሩት። ጓሮ ውስጥ በዛፍ መሀል የምትቆም ትንሽ ማመንጫ ያን ነፋስ አታገኝም። የነፋሱ ፍጥነት በግማሽ ሲቀንስ ጉልበቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ደግሞም ፀሐይዎ የምትደክመው በክረምት ነው፤ ያኔ ሰማዩ ራሱ ያጠጣልዎታል። ነፋስ፣ ሶላርና ደህና ባትሪ ማቀናጀቱ ሌት ተቀን መቆም ለሌለበት ሥራ ነው፤ ለምሳሌ ለማኅበር የወተት ማቀዝቀዣ።

የእርስዎ ሽንኩርት የሚፈልገው ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ ያለ ባትሪ ይቀመጣል።

ፓምፑን ያስገጠሙልዎት ባለሙያ በመቆጣጠሪያው በኩል በቀጥታ ከፓኔሉ ጋር ያገናኝልዎ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ይሳብ። ውሃውን ከማሳው ራስ፣ ከፍ ካለው ቦታ ላይ በሚቆፍሩት ኩሬ ያጠራቅሙት። ሩብ ሄክታር ሽንኩርት በበጋ በቀን 12,500 ሊትር ገደማ ይጠጣል። ርዝመቱ 4፣ ስፋቱ 4፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ኩሬ 16,000 ሊትር ይይዛል። በጣም አያጥልቁት፤ ግማሹን ቆፍረው በወጣው አፈር ዙሪያውን ይካቡት። እንዲያ ከሆነ ውሃው በራሱ ወደ ቦዩ ይወርዳል።

ጠጠሩንና ሥሩን ለቅመው፣ የተነፋ አፈር ደልድለው ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሰርግ ወፍራም ፕላስቲክ) ያንጥፉበት። ጠርዙን ቦይ አውጥተው በአፈር ይቅበሩት፤ አለበለዚያ ነፋስ ይገለብጠዋል። ከታች በኩል ቧንቧ ያስወጡ። ከዚያ ማለዳ ላይ፣ ሙቀቱ ሳይሻማዎት፣ ይልቀቁት። ለወባ ሲባል በሳምንት አንዴ ኩሬውን ጨርሰው ያድርቁት። ዙሪያውን በእሾህ ይጠሩ፤ ልጆች አሉዎትና ይህን ለነገ አይበሉ።

የቀረው ባትሪ ለመብራት ብቻ ይሁን። አምፖሉ ደብዘዝ ሲል ያጥፉት።

ከመቆፈርዎ በፊት አንድ ነገር ይለኩልኝ። እኩለ ቀን ላይ ፓምፑ የ20 ሊትር ጀሪካን በስንት ሰከንድ ይሞላል? በ20 ሰከንድ ከሞላው በሰዓት 3,600 ሊትር ነው፤ አራት ጥሩ የፀሐይ ሰዓት ይበቃዎታል። ዘግይቶ ከሞላ ቁጥሩን ይላኩልኝ፣ የኩሬውን ልክ አብረን እናሰላለን።