ልጅ 18 ዓመት ሲሞላት የአባት ግዴታ ያበቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። ከባለቤቴ ጋር ስንፋታ ፍርድ ቤት ለልጃችን በየወሩ ቀለብ እንዲሰጥ ወስኖበት ይሰጥ ነበር። ዘንድሮ 18 ዓመት ሞልቷት ደሴ በሚገኝ የግል ኮሌጅ በቀን መርሐ ግብር ነርሲንግ ጀመረች። እሱ ግን «ለአካለ መጠን ደርሳለች፤ ከእንግዲህ አይመለከተኝም» ብሎ አቋረጠ። ማስገደድ እችላለሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ የላኩልኝን አራት የኮሌጅ ክፍያ ደረሰኞች አየኋቸው። በአራቱም ላይ ከፋይ ተብሎ የተጻፈው የእርስዎ ስም ብቻ ነው። ልጅቷ የሁለታችሁ ሆና ሳለ ይህን ማየት ያሳዝናል።

አባትየው በአንድ ነገር ልክ ነው፤ የቀድሞው ውሳኔ የተሰጠው ልጅቷ ለአካለ መጠን ሳትደርስ ስለሆነ በእሱ ላይ መመካት አይበጅም። «አይመለከተኝም» ማለቱ ግን ስህተት ነው። በክልላችን የሚሠራበት የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995፣ እንደ ፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ሁሉ፣ በወላጅና በልጅ መካከል ያለውን የቀለብ ግዴታ በ18 ዓመት አይቆርጠውም። የሚታየው ጠያቂዋ መቸገሯና ሠርታ ራሷን ማስተዳደር አለመቻሏ፣ የተጠያቂውም አቅም ነው። ቀለብም እህል ብቻ አይደለም፤ ልብስ፣ መጠለያ፣ ሕክምና፣ እንደ ሁኔታውም ትምህርት ይገባበታል።

ብዙ እናቶች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው፦ ከሳሿ እርስዎ አይደሉም። ልጅቷ በራሷ ስም ለወረዳ ፍርድ ቤት አዲስ አቤቱታ ታቅርብ። ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ የሸሪዓ ፍርድ ቤትም ሊያየው ይችላል፤ ያለ ስምምነት ግን አይሆንም።

ዳኛው «ለምን የግል ኮሌጅ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተማሪው የወጪ መጋራት ውል ፈርሞ ከተመረቀ በኋላ ይከፍላል፤ ልጅዎ ያ ዕድል ካልደረሳት ውጤቷን አያይዙ። የቀን ተማሪ መሆኗን የሚገልጽ ደብዳቤም ከኮሌጁ ያምጡ፤ የማታ ብትሆን «ቀን ሠርተሽ ተማሪ» ሊባል ይችል ነበር። የአባትየውን ገቢ የሚያሳይ ማስረጃም ያስፈልጋል፤ የቀለቡ መጠን የሚወሰነው የእሷን ፍላጎትና የእሱን አቅም በማመዛዘን እንጂ በኮሌጁ ዋጋ ብቻ አይደለም።

ከክሱ በፊት ሽማግሌ ቢልኩ እመርጣለሁ። የቀለብ ግዴታ ተመላላሽ መሆኑን ያስነግሩት፤ ነገ ጉልበቱ ሲደክም ሕጉ ቀለብ እንድትሰጠው የሚያስገድደው ይህችኑ ልጅ ነው። እምቢ ካለ ግን አይቆዩ፤ ያለፈን ወር ቀለብ ወደ ኋላ ተመልሶ ማስከፈል አስቸጋሪ ነው። የደረሰኞቹን ዋና ቅጂ ለማንም አይስጡ፤ ለሽማግሌዎቹም ኮፒው ይበቃል።