ከወሊድ በኋላ ያልተመለሰ ሆድ፦ ላይፖሰክሽን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሹ 14 ወሩ ነው፣ ሌሊት ሌሊት አሁንም ይጠባል። ክብደቴ ከእርግዝና በፊት ወደነበረው ተመልሷል፤ ሆዴ ግን አልተመለሰም። ከእምብርቴ በታች ቆዳው ተንጠልጥሏል። ወደ ማታ ደግሞ ሆዴ ይገፋና ሰዎች «ስንተኛ ወርሽ ነው?» ይሉኛል። ስፖርት ሞክሬ ለውጥ አላየሁም። አንድ የውበት ማዕከል ብሄድ «በላይፖሰክሽን በአንድ ቀን ይጠፋል» አሉኝ። ላድርገው?

መልስ፦ አሁን አያድርጉት። ወደፊትም ቢሆን እርስዎ የገለጹልኝን ሆድ ላይፖሰክሽን ብቻውን ያስተካክለዋል ብዬ አላምንም።

ከወሊድ በኋላ ሆድ ላይ የሚቀረው ስብ ብቻ አይደለም። የተለጠጠ ቆዳ አለ፣ የተራራቀ ጡንቻም አለ። ላይፖሰክሽን በቀጭን ቱቦ ከቆዳ ሥር ያለውን ስብ ይመጥጣል፤ ሥራው ይኸው ነው። ቆዳው የመሰብሰብ አቅም ካለው ስቡ ሲወጣ ተከትሎ ይሰበሰባል። አቅሙን ካጣ ግን አየሩ እንደወጣ ፊኛ ተጨማዶ ይቀራል። የእርስዎ ክብደት ተመልሶ ቆዳው ከተንጠለጠለ ደግሞ የሚመጠጥ ብዙ ስብ ላይኖር ይችላል።

የበለጠ ያሳሰበኝ ወደ ማታ የሚገፋው ነገር ነው። በሆድ መካከል ጎን ለጎን ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት ጡንቻዎች አሉ። የሚያገናኛቸው ስስ ጅማት በእርግዝና ይለጠጣል፤ ከወሊድ በኋላ ጡንቻዎቹ በአብዛኛው መልሰው ይቀራረባሉ፣ በአንዳንድ እናቶች ግን ክፍተቱ ይቀራል። ቤትዎ ሊሞክሩት ይችላሉ፦ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ይጠፉ፣ ጣቶችዎን እምብርትዎ አካባቢ ያሳርፉና ጭንቅላትዎን ብቻ ቀና ያድርጉ። በመሃል ሁለት ጣት ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ ክፍተት ካገኙ ምናልባት ችግሩ እዚያ ነው። ይህን ምንም ዓይነት ስብ መምጠጥ አይዘጋውም። እንዲያውም እምብርትዎ አካባቢ ሄርኒያ (በሆድ ግድግዳ ክፍተት አንጀት ወይም ስብ ወደ ውጭ መውጣት) ካለና ማንም ሳያየው ቱቦው ከገባ አንጀት ሊበሳ ይችላል። ስለዚህ በሐኪም እጅ መመርመር፣ ካስፈለገም አልትራሳውንድ መነሣት ይቀድማል። ሆድዎን ሳይነኩ «በአንድ ቀን ይጠፋል» ማለት፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ሕክምና ሳይሆን ሽያጭ ነው።

ክፍተቱም የቆዳው መላላትም ከተረጋገጠ የሚመለከትዎት የሆድ ቅርጽ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና (አብዶሚኖፕላስቲ) ነው። ትርፉ ቆዳ ይወገዳል፣ ጡንቻዎቹ ተቀራርበው ይሰፋሉ፣ እምብርቱ በአዲሱ ቆዳ ላይ ቦታ ይበጅለታል። ትርፉ ቆዳ ጥቂትና ከእምብርት በታች ብቻ ከሆነ አነስ ያለ ዓይነትም አለ። ሸንተረር የሚጠፋው ከሚቆረጠው ቆዳ ጋር የወጣው ብቻ ነው፤ የተረፈው ይቆያል።

ዋጋውም ቀላል አይደለም፤ ገንዘቡን ማለቴ አይደለም። ከታችኛው የሆድ ክፍል ከአንዱ ጎን እስከ ሌላው ጎን የሚሄድ ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይኖራል። ጠባሳዎ የማበጥ ልማድ (ኬሎይድ) ካለው አስቀድመው ይናገሩ። ከቆዳው ሥር ፈሳሽ መቋጠር፣ ኢንፌክሽን፣ ለወራት የሚቆይ የሆድ መደንዘዝ ያጋጥማሉ። ከሁሉ የምፈራው በእግር ደም ሥር የሚረጋው ደም ወደ ሳንባ መሄዱን ነው፤ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ ከወሰዱ ወይም በቤተሰብ የደም መርጋት ካለ ሐኪሙ ማወቅ አለበት። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ያቁም፤ አለበለዚያ የቁስሉ ዳር ቆዳ ሊሞትበት ይችላል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ለቀዶ ሕክምና ብለው ልጅዎን ጡት አያስጥሉ። ራሱ ሲያቆም፣ ከዚያም ክብደትዎ ለጥቂት ወራት ሳይዋዥቅ ሲቆይ ይሻላል። ሦስተኛ ልጅ ካሰቡም ከዚያ በኋላ ያድርጉት፤ ማርገዝ አይከለከልም፣ የተሰፋው ግን መልሶ ሊለጠጥ ይችላል።

ሰዎች የሚረሱት ደግሞ ይህ ነው፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አይነሣም። ሕፃን ልጅም ከባድ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጎንበስ ብለው ነው የሚራመዱት። ልጅዎ እጁን ዘርግቶ ሲመጣብዎ የሚያነሣልዎት ሰው ቤት ውስጥ ከሌለ ቀጠሮ አይያዙ።

እስከዚያው ድረስ ፊዚዮቴራፒስት ያግኙ። ሆድን ወደ ውጭ የሚገፉ፣ ከወገብ ብድግ የሚያሰኙ እንቅስቃሴዎችን ለጊዜው ተዉና ጥልቁን የሆድ ጡንቻና የዳሌ ወለልን (ፊኛንና ማሕፀንን ከታች የሚደግፉትን ጡንቻዎች) የሚያጠነክሩትን ይለማመዱ። ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ ባይዘጋው እንኳ ወደ ማታ የሚገፋውን ሆድና የወገብ ሕመም ሊያሻሽል ይችላል፤ አንዳንድ ታካሚዎቼም ከዚህ በኋላ ስለ ቀዶ ሕክምና ዳግም አልጠየቁኝም።