ለጋራዡ ፓነል ሦስት ሽቦ ወይስ አራት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ከቤቱ ተነጥሎ ጓሮ ውስጥ የተሠራውን ጋራዥ የእንጨት ሥራ ላከናውንበት ስላሰብኩ፣ 60 አምፔር የሚሸከም ንዑስ ፓነል (ከዋናው ፓነል ኃይል ተቀብሎ የሚያከፋፍል ሁለተኛ የብሬከር ሳጥን) ላስገባለት ነው። አንድ ወዳጄ «ሦስት ሽቦ ብቻ ሳብ፤ ኤርዙን እዚያው የብረት ዘንግ አፈር ውስጥ ቀብረህ ታገኘዋለህ» አለኝ። ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም። ይህ አሠራር ቀድሞ በተወሰኑ ሁኔታዎች ይፈቀድ የነበረ ቢሆንም፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ በ2008 እትሙ ለአዲስ መስመር ከልክሎታል። ከዋናው ፓነል የሚነሡት አራት ሽቦዎች ናቸው፤ ሁለት ፌዝ (ኃይል የሚያመጡ)፣ አንድ ኒውትራል (የጅረቱ መመለሻ)፣ አንድ ኤርዝ (ብልሽት ሲኖር ብቻ ጅረት የሚሸከም የደኅንነት ሽቦ)። ለ60 አምፔር በአሜሪካ የሽቦ ውፍረት መለኪያ (AWG) ቁጥር 6 የመዳብ ሽቦ፣ ለኤርዙ ደግሞ ቁጥር 10 የተለመደ ነው።

የወዳጅዎ ስሕተት ብዙዎች የሚጋሩት ነው፤ ዘንጉ ከኤሌክትሪክ ንዝረት የሚያድን ይመስላቸዋል። አፈር ግን ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፍም። የዘንግዎ የኤሌክትሪክ ተቃውሞ 25 ኦም ነው እንበል፤ ይህ እንዲያውም ጥሩ የሚባል ነው። 120 ቮልት የያዘ ሽቦ ተልጦ የመጋዙን የብረት አካል ቢነካ፣ በአፈሩ በኩል የሚያልፈው ከ5 አምፔር ያነሰ ስለሚሆን፣ የ20 አምፔር ብሬከር እንደ ተራ የሥራ ጭነት ቆጥሮት ሳይቆርጥ ይቀራል፤ መጋዙም የሚነካውን ሰው እየጠበቀ ይቆያል። አራተኛው ሽቦ ግን ጅረቱን በመዳብ ወደ ዋናው ፓነል ስለሚመልሰው ብሬከሩ ወዲያው ይቆርጣል። ዘንጉ የሚያስፈልገው ለመብረቅና ከውጭ መስመር ለሚመጣ ድንገተኛ ከፍተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ደንቡም ስለሚያስገድድ፣ አንዱ ብቻውን 25 ኦም ወይም ከዚያ በታች መሆኑን ካላስለኩ በቀር፣ ባለ 8 ጫማ ሁለት ዘንጎች ቢያንስ በ6 ጫማ አራርቀው ይቅበሩ።

ኒውትራልና ኤርዝ የሚገናኙት በዋናው የመብራት መግቢያ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአዲሱ ፓነል ጋር የሚመጣውን፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን አረንጓዴ ብሎን አያስገቡት፤ ለኤርዝ ሽቦዎቹ የተለየ ማያያዣ ብረት (ground bar) ይግዙ፣ ብዙ ጊዜ ከፓነሉ ጋር አይመጣምና። ሁለቱን ጋራዡ ውስጥ ካገናኟቸው የኒውትራሉ ጅረት ከፊሉ በኤርዙ ይመለሳል፤ አንድ ቀን ኒውትራሉ ቢላቀቅ ደግሞ ጭነቱ በሙሉ በኤርዙ ላይ ይወድቃል።

ጋራዡ ውስጥ ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚያጠፋ ዋና ብሬከር ያስገቡ። ከመቆፈርዎ በፊት 811 (ከመሬት በታች ያሉ መስመሮችን የሚያስመለክተው የስልክ ቁጥር) ይደውሉ፤ ሽቦው በፕላስቲክ ቱቦ የሚያልፍ ከሆነ ጥልቀቱ 18 ኢንች ይሁን። ፈቃዱን ከካውንቲዎ አውጥተው፣ መርማሪው ሳያይ ጉድጓዱን አይድፈኑ፤ ቸኩሎ ደፍኖ ያንኑ ጉድጓድ ሁለተኛ የቆፈረ ሰው አውቃለሁ።