መልስ፦ ክብደት ማንሳት ሴትን እንደ ወንድ ያፈረጥማል ወይ?

እህቴ፣ «ክብደት ባነሳ ሰውነቴ እንደ ወንድ ይፈረጥማል? ወይስ ቴስቶስትሮኔ ትንሽ ስለሆነ ልፋቴ ከንቱ ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ሁለቱም ስጋት መሠረት የለውም።

በጤናማ ወንድ ደም ውስጥ ያለው ቴስቶስትሮን (ጡንቻን የሚያጎለብት ሆርሞን) ከሴት ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጣል። ወንዱ በጉርምስናው ትከሻና ክንዱ የሚደነድነው በዚሁ ሆርሞን ነው። ከባድ ክብደት ካነሳ በኋላም ለአጭር ጊዜ ከፍ ይልበታል፤ በሴቷ ላይ ግን ለውጡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከዚህ ተነሥተው «ሴት ጡንቻ አታወጣም» የሚሉ አሠልጣኞች አሉ፤ ይህ አባባል በጣም ያናድደኛል። በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ጥናት፣ ከእግር ልምምድ በኋላ የወንዶቹ የቴስቶስትሮን ጭማሪ ከሴቶቹ 45 እጥፍ ነበር። ጡንቻቸው አዲስ ፕሮቲን የገነባበት ፍጥነት ግን ተመሳሳይ ሆኖ ተገኘ። ጡንቻን በዋናነት የሚያሳድገው የተሸከመው ጫናና የሚያገኘው ምግብ ነው እንጂ ያ የደቂቃዎች የሆርሞን ጭማሪ አይደለም።

ወንድ ከብዙ ጡንቻ ስለሚጀምር በኪሎ ሲለካ የበለጠ ይጨምራል። በመቶኛ ሲሰላ ግን የአንቺ ዕድገት ከእሱ ጋር ይቀራረባል፤ የላይኛው አካልሽ ጥንካሬ እንዲያውም ሊበልጥ ይችላል። ሴቶች በአብዛኛው ድካምን በመቋቋም ይሻላሉ፣ ይህንንም ተጠቀሚበት።

ከ8 እስከ 12 ጊዜ ስታነሺ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሚፈትኑሽን ክብደት ምረጪ፤ ሲቀልልሽ ጨምሪበት። ምስር፣ ሽሮና እንቁላል ከማዕድሽ አይጥፉ፤ በጾም ወቅት ደግሞ ጥራጥሬውን አብዢ።